ለአረጋውያን አንቲባዮቲክ ሲታሰብ፦ ለአስታማሚዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አንድ አረጋዊ ሲያተኩሳቸው፣ ሲያስላቸው ወይም የሽንታቸው ሽታ ሲለወጥ በብዙ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚደረገው ከሰፈር መድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ወይም ሲፕሮ ገዝቶ መስጠት ነው። በአገራችን አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ የማይገባው መድኃኒት ቢሆንም፣ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ይዞ ሄዶ «ይኼንኑ ስጠኝ» ማለት የተለመደ ነው። ይህ የሚደረገው በአብዛኛው ከፍቅርና ከጭንቀት የተነሣ መሆኑን እረዳለሁ። ይሁን እንጂ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት ባለፈ ሰዎች ላይ ያለ በቂ ምክንያት የተሰጠ አንቲባዮቲክ ከበሽታው የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ኩላሊታቸው መድኃኒቱን በፍጥነት አያስወግድም፤ ብዙዎቹም የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ መድኃኒት ስለሚወስዱ አንዱ ከሌላው ጋር ይጋጫል።

መድኃኒት የለመዱ ጀርሞች ጉዳይም ከሁሉ በላይ የሚነካው አረጋውያንን ነው። በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት ሞተዋል ተብሎ ተገምቷል። ከ1990 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ደግሞ በዚሁ ምክንያት የሚሞቱ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በላይ ሲቀንስ፣ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ዘንድ ከ80 በመቶ በላይ ጨምሯል።

ሐኪሙ ታካሚውን የሚያዩት ለጥቂት ደቂቃ ሲሆን አስታማሚው ግን ቀንና ሌሊት አብሮ ነው። ስለዚህ ትክክለኛ ውሳኔ እንዲሰጥ የሚያስፈልገው መረጃ በአብዛኛው በእርስዎ እጅ ነው፤ ይህ መመሪያም መረጃው እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ምን እንደሚጠየቅና መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ምን መከታተል እንደሚገባ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

1. በመጀመሪያ ድንገተኛ አደጋ አለመሆኑን ያረጋግጡ

ስለ አንቲባዮቲክ መጠንቀቅ ማለት ሕክምና ማዘግየት ማለት አይደለም። አረጋዊው ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሱ ከሆነ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገሩ፣ ብርድ ብርድ ብሏቸው ሰውነታቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ ቀኑን ሙሉ ሽንት ካልሸኑ ወይም ተነሥተው መቆም ካቃታቸው፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። በደም ውስጥ የተሰራጨ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ስለሚያጠፋ እንዲህ ያለ ታካሚ አንቲባዮቲክ በፍጥነት ማግኘት አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው «ትኩሳት የላቸውም» በማለት ነው። በዕድሜ የገፋ ሰውነት ከባድ ኢንፌክሽን እያለበት እንኳ እንደ ወጣት ላያተኩስ ይችላል። ስለዚህ በአፍ የተለካ ሙቀት አንድ ጊዜ ከ37.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ፣ ወይም ከተለመደው የሰውነታቸው ሙቀት በ1.1 ዲግሪ ከጨመረ፣ እንደ ትኩሳት ይቆጠራል። የተለመደውን ለማወቅ ደግሞ በደኅና ጊዜ ለጥቂት ቀናት ለክቶ መመዝገብ ያስፈልጋል። ትንፋሻቸውንም አርፈው በተቀመጡበት፣ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል እያዩ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ በደቂቃ ከ25 በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለባቸው። በውጭ አገር ሆነው እናት አባታቸውን በስልክ የሚከታተሉ ልጆች «እንዴት ነሽ እማዬ?» ብለው «ደኅና ነኝ» የሚል መልስ ከመስማት ይልቅ፣ አብሯቸው ያለው ሰው ሙቀቱንና ትንፋሹን ለክቶ እንዲነግራቸው ቢጠይቁ እጅግ ይሻላል።

2. ሕመሙ በእርግጥ አንቲባዮቲክ የሚፈልግ መሆኑን ይለዩ

ጉንፋንና አብዛኛው ብሮንካይትስ (የሳንባ አየር ቧንቧ መቆጣት) የሚመጣው ከቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ሳሉ ሦስት ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል፤ የአክታው ቀለም ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑም ብቻውን ባክቴሪያ መኖሩን አያሳይም። ነገር ግን ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ደም ከቀላቀለ ወይም ማታ ማታ ላብና የክብደት መቀነስ ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ መደረግ አለበት። በዚህ ሁኔታ ሲፕሮንና ሌቮፍሎክሳሲንን የመሰሉ መድኃኒቶችን በግምት መውሰድ ነቀርሳውን ለጊዜው ሸፍኖ ምርመራውን ያዘገያል።

በእኛ አገር በተለይ ሊነሣ የሚገባው «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘባቸው» የሚለው ውጤት ነው። በብዙ ክሊኒክ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ የሚያሳየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ያዘጋጀውን የመከላከያ ንጥረ ነገር ነው። ይህ ደግሞ ከዓመታት በፊት በነበረ ሕመም ወይም በሌላ ጀርም ምክንያት ሊገኝ ይችላል። ረጅም ዕድሜ የኖረ ሰው ብዙ ሕመም አሳልፏልና፣ የአንድ ጊዜ የዊዳል ውጤት ብቻውን መድኃኒት ለመጀመር በቂ ማስረጃ አይደለም። ትኩሳቱ የቆየ ከሆነ የደም ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ራሱን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ፣ የሚሠራበት ቦታ መሄድ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ልቆይበት የምፈልገው የሽንት ጉዳይ ነው፤ ለአረጋውያን ያለ አግባብ ከሚሰጠው አንቲባዮቲክ ብዙው የሚመጣው ከዚህ ነውና። በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ምንም ሳያማቸው በሽንት ፊኛቸው ውስጥ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። በአረጋውያን መጦሪያ ከሚኖሩ ሴቶች እስከ ግማሽ የሚደርሱት እንዲህ ናቸው፤ የሽንት ቱቦ ለረጅም ጊዜ የተደረገላቸው ሰዎች ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል ባክቴሪያ ይገኝባቸዋል። ይህ ሁኔታ በሽታ አይደለም። በአንቲባዮቲክ ማከሙ ታካሚውን አይጠቅምም፤ ባክቴሪያው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ይመጣል፣ ሲመጣም መድኃኒቱን ለምዶ ነው። የሽንት ሽታ መለወጥ፣ መደፍረስ ወይም መጥቆር ብዙ ጊዜ ውኃ በበቂ አለመጠጣትን ያሳያል እንጂ ኢንፌክሽንን አያረጋግጥም።

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለ የሚባለው የሽንት ምርመራው ውጤት ከሕመም ስሜት ጋር ሲገናኝ ነው፤ አዲስ የጀመረ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ከወትሮው የተለየ ቶሎ ቶሎ የመሽናት ግፊት፣ ከእምብርት በታች ወይም በጎን በኩል የሚሰማ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም መንቀጥቀጥ። ማረጋገጫ ካስፈለገም የሽንት ካልቸር ናሙና መሰጠት ያለበት የመጀመሪያው ክኒን ከመዋጡ በፊት ነው።

ታዲያ ትናንት ጤነኛ የነበሩ እናት ዛሬ ድንገት ቢቃዡ፣ ቀንና ሌሊቱ ቢምታታባቸው፣ የልጃቸውን ስም ቢስቱስ? ብዙ ጊዜ የሽንት ምርመራ ይደረግና ባክቴሪያ ስለተገኘ ብቻ ሲፕሮ ይታዘዛል። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ትኩሳትም ሆነ የሽንት ሕመም ስሜት የሌላቸው አረጋውያን ድንገት ግራ ሲጋቡ ወዲያው አንቲባዮቲክ ከመስጠት ይልቅ ሌሎች ምክንያቶችን መፈለግና በቅርብ መከታተል እንደሚሻል መክሯል። ወደ ሐኪም ሲሄዱ እነዚህን ጥያቄዎች መልሰው ይሂዱ፦ ሰገራ ከወጡ ስንት ቀን ሆናቸው? ሽንት ተቋጥሮባቸው ይሆን? ትናንት ምን ያህል ውኃ ጠጡ? በዚህ ሳምንት የተጀመረ የእንቅልፍ፣ የሕመም ማስታገሻ ወይም የአለርጂ መድኃኒት አለ? ስኳራቸው ተለክቷል? ወድቀው ጭንቅላታቸውን መትተው ነበር? እርግጥ ግራ መጋባቱ ራሱ አስቸኳይ ምልክት ስለሆነ በዚያው ዕለት ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የምርመራው መደምደሚያ ግን አስቀድሞ «ሽንት ነው» መሆን የለበትም።

3. ወደ ሐኪም የሚወስዱትን መረጃ ያዘጋጁ

ታካሚው የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የጨጓራ ማስታገሻውንና ከውጭ የተላከውን ቫይታሚን ጨምሮ፣ ከነካርቶናቸው በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። የባህል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ይህንኑ ሳይደብቁ ይናገሩ፤ አንዳንዱ ኩላሊትንና ጉበትን ይጎዳልና። ባለፉት ሦስት ወራት አንቲባዮቲክ ወስደው ከነበረ ስሙንና ለስንት ቀን እንደወሰዱ ይጻፉ፤ ጀርሙ ያንን መድኃኒት ለምዶት ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ሌላ ሊመርጡ ይችላሉ። በአሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦች ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ መጠየቅ መብታቸው መሆኑን ይወቁ፤ የልጅ ልጅ ስለ አያቱ ሽንት እንዲያስተረጉም ከተደረገ አያት ብዙውን ነገር ደብቀው ይቀራሉ።

የፔኒሲሊን አለርጂ ነገር ለብቻው ሊጠየቅ ይገባል። «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» የሚሉ ብዙ ሰዎች ሲመረመሩ አለርጂው የለባቸውም፤ እውነተኛ አለርጂ የነበረባቸውም ቢሆኑ ከ10 ዓመት በኋላ 80 በመቶ ያህሉ ይለቃቸዋል። ያኔ የሆነው ምን ነበር? ፊትና ጉሮሮ አብጦ ትንፋሽ ያጠረበት ነው ወይስ ሆድ ብቻ የታወከበት? ዝርዝሩን ለሐኪሙ መንገር፣ ታካሚው ሳያስፈልግ ከበድ ወዳለ መድኃኒት እንዳይሸጋገሩ ይረዳል። በራስ ውሳኔ ቤት ውስጥ መሞከር ግን ፈጽሞ አይገባም።

4. ኩላሊታቸውን ሳያውቁ መጠኑን አይቀበሉ

በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ክሬቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ፣ «ጤናማ» ስለተባለ ኩላሊት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ክሬቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ስለሆነ፣ ጡንቻቸው የሳሳ አረጋዊ ኩላሊታቸው ደክሞም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። የ80 ዓመት ዕድሜና 45 ኪሎ ግራም ክብደት ያላቸውን፣ ክሬቲኒናቸው 1.1 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የሆነ እናት እንውሰድ። ሐኪሞች በሚጠቀሙበት የታወቀ ስሌት ከ140 ላይ 80 ሲቀነስ 60 ይሆናል፤ በክብደታቸው ሲባዛ 2700። ይህም 72 በ1.1 ተባዝቶ ለሚገኘው 79.2 ሲካፈል 34 ያህል ይሆናል፤ ሴት ስለሆኑ በ0.85 ይባዛና 29 ላይ ያርፋል። እኚህ እናት ወረቀታቸው ላይ ምንም ቀይ ምልክት ሳይኖር፣ ኩላሊታቸው በደቂቃ የሚያጣራው 29 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ ደረጃ የሲፕሮ መጠን መቀነስ ይኖርበታል፤ ለሽንት ኢንፌክሽን የሚሰጠው ናይትሮፉራንቶይን አይመከርም፤ ኩላሊትንና መስማትን የሚጎዳው የጄንታማይሲን መርፌ ደግሞ ከተቻለ ይቀራል፣ ከተገደዱም በቅርብ ክትትል ይሰጣል።

ስለዚህ ክብደታቸውን ለክተው ይሂዱ፣ የቅርብ ጊዜ የክሬቲኒን ውጤት ይያዙ፣ «መጠኑ ለኩላሊታቸው ተስተካክሏል ወይ?» ብለውም ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ሐኪምን መዳፈር አይደለም።

5. አንቲባዮቲኩ ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋር እንደሚስማማ ይጠይቁ

ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ወይም ለልብ ስፓይሮኖላክቶን የሚወስዱ ሰው ኮትሪሞክሳዞል፣ ብዙዎች ባክትሪም የሚሉት፣ ሲጨመርባቸው የደማቸው ፖታሲየም በአደገኛ ሁኔታ ሊጨምርና ልብን ሊያቆም ይችላል። አማራጭ ከጠፋ ፖታሲየሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ በደም ምርመራ መታየት አለበት።

ለስኳር ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱ ሰዎች ሲፕሮ፣ ኮትሪሞክሳዞል ወይም ክላሪትሮማይሲን ሲጀምሩ ስኳራቸው በድንገት ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና መቃዠት ሲታይ ቤተሰቡ «ኢንፌክሽኑ ባሰባቸው» ብሎ ያስባል፤ ችግሩ ግን የስኳር መውረድ ሊሆን ስለሚችል በእነዚህ ቀናት ስኳራቸውን ደጋግሞ መለካትና ምግብ እንዳይዘሉ ማድረግ ያስፈልጋል።

የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ከፍላጅል፣ ከኮትሪሞክሳዞል ወይም ከሲፕሮ ጋር ሲደረብባቸው ለመድማት ይጋለጣሉ፤ ደም ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ የሚያሳየው አይ.ኤን.አር የተባለው ምርመራ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ እንዲደገም ይጠይቁ። ክላሪትሮማይሲን ከኮሌስትሮል መድኃኒቱ ከሲምቫስታቲን ጋር መሰጠት የለበትም፤ ጡንቻን ይጎዳል።

ስለ ሲፕሮ ተጨማሪ ቃል ያስፈልጋል፤ በየቤቱ እንደ ተራ መድኃኒት ስለሚታይ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2008 በሲፕሮና በመሰሎቹ ላይ ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ያስቀመጠው ጅማትን ስለሚያሳብጡና ስለሚበጥሱ ነው፤ አደጋው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑትና ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ በሚወስዱት ላይ ይብሳል። ከተረከዛቸው በላይ ሕመም ከተሰማቸው መድኃኒቱን አቁመው፣ እግራቸውን አሳርፈው ወዲያው ለሐኪም ያሳውቁ። ከወተት፣ ከጨጓራ ማስታገሻና ከብረት እንክብል ጋር ከተወሰደም ወደ ደም በሚገባ አይገባም፤ ከማስታገሻውና ከብረቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መዋጥ አለበት።

6. ማዘዣውን ይዘው ከመውጣትዎ በፊት

ሦስት ነገር አስጽፉ፦ መድኃኒቱ ለምን ሕመም እንደታዘዘ፣ ለስንት ቀን እንደሚወሰድና መቼ ተመልሰው እንደሚመጡ። ረጅም ቀን መውሰድ ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለው እምነት ትክክል አይደለም፤ ለብዙ ታካሚዎች የሳንባ ምች ከተሻሻለ አምስት ቀን ሊበቃ ይችላል፣ ከፊኛ ያላለፈ የሴቶች የሽንት ኢንፌክሽንም እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይታከማል። ቀኑን የሚወስኑት ግን ሐኪሙ ናቸው፤ ተሻላቸው ብሎ በራስ ማቋረጥም ሆነ «ትንሽ ልጨምር» ማለት አይገባም።

መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም የሚሉ አረጋውያን ብዙ ናቸው። መዋጥ የሚችል፣ የማያስመልሰውና ሕመሙ ያልጠና ሰው በአብዛኛው በክኒን ይድናል። በመርፌ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ሴፍትሪያክሶን የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄ እንዲያዙ ከለያቸው መድኃኒቶች መካከል ስለሆነ ለማጽናኛ የሚሰጥ መርፌ መሆን የለበትም።

7. ቤት ውስጥ በትክክል ይስጡ

«በቀን ሦስት ጊዜ» ማለት ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ማለት ሳይሆን በየስምንት ሰዓቱ ማለት ነው፤ ለምሳሌ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት። ይህንን በትልልቅ ፊደል በወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና በተሰጠ ቁጥር ምልክት ያድርጉበት፤ ሁለት አስታማሚ ባለበት ቤት አንዱ የሰጠውን ሌላው የሚደግመው ይህ ባለመደረጉ ነው። ዶክሲሳይክሊን ጉሮሮን ስለሚያቆስል ቀጥ ብለው ተቀምጠው በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡት፤ ከዋጡ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ ይቆዩ። ፍላጅል በሚወሰድበት ጊዜና ካለቀ በኋላም ሦስት ቀን ጠላም ሆነ አረቄ አይቀመስ። መዋጥ ለሚያቅታቸው ክኒን ከመሰባበር ወይም እንክብል ከመክፈት በፊት ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ጾም ላይ ያሉ አረጋውያን እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ሲቆዩ የጠዋቱ መድኃኒት ይዘለላል። ሳይነግሩን የሚዘሉትም አሉ። ክርስትናም ሆነ እስልምና ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው፤ ስለዚህ ለክርስቲያኑ የንስሐ አባታቸው ራሳቸው ቢያነጋግሯቸው ከልጆች ክርክር ይልቅ ይሰማሉ፤ በረመዳን ካልጾምን ለሚሉት ደግሞ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚወሰድ አማራጭ እንዳለ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል።

8. ይከታተሉ፣ ካለቀም በኋላ አይዘንጉ

መድኃኒቱ በተጀመረ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ መሻሻል መታየት አለበት፤ ትኩሳቱ ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል። ካልተሻላቸው ሌላ አንቲባዮቲክ ከመግዛት ይልቅ የታዘዘው ትክክል መሆኑ እንዲታይና የካልቸር ውጤቱ እንዲጠየቅ ተመልሰው ይሂዱ። ሽፍታ፣ የፊት ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ መድኃኒቱን አቁመው በፍጥነት ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው።

ተቅማጥ ቀላል ነገር መስሎ እንዳይታይ። አንቲባዮቲክ በአንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሲያጠፋ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲሌ የተባለው ጀርም ይባዛል፤ አረጋውያንን ለሞት ሊያደርስ የሚችል የአንጀት ቁስለትም ያመጣል። በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ውኃ የሆነ ተቅማጥ ከጀመራቸው፣ መድኃኒቱ ካለቀ ሳምንታት ቢያልፉም፣ አንቲባዮቲክ ወስደው እንደነበር ለሐኪሙ ይንገሩ። ኦ.አር.ኤስ ያጠጧቸው፤ ተቅማጥ የሚያቆም መድኃኒት ግን ሐኪም ሳያይ አይስጡ፤ እጅዎንም በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ፣ ይህ ጀርም በአልኮል ማጽጃ አይሞትምና።

የተረፈ ክኒን ካለ ለሚቀጥለው ሕመም አይቀመጥ፣ ለጎረቤትም አይሰጥ፣ በሻንጣ ተቋጥሮ ወደ ዘመድም አይላክ፤ ወደ ገዙበት መድኃኒት ቤት ወስደው እንዴት እንደሚወገድ ይጠይቁ። በመጨረሻም በታካሚው ማስታወሻ ደብተር ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን፣ የተስማማና ያልተስማማ መሆኑን ይጻፉና ደብተሩን ከሕክምና ካርዳቸው ጋር አብረው ያስቀምጡ።